«መቐለ» በምጽዋ፤ የደጋው ጭነት በባሕርና በአየር

ነሐሴ 30 ቀን 2010 ዓ.ም. «መቐለ» የሚል ስም የተጻፈባት የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ምጽዋ ወደብ ደረሰች። ከሃያ ዓመት በኋላ በዚያ ወደብ የቆመች የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ መርከብ በመሆኗ ዜናው በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ብዙ ሰውም ተደሰተ። ጭነቷ ግን ከመቐለ የወረደ አልነበረም። ከኤርትራ ማዕድን ማውጫ የወጣ 11 ሺህ ቶን ያህል ዚንክ ጭና ወደ ቻይና ለመሄድ የመጣች ነበረች። ከምጽዋ በመኪና መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ግድም የምትርቀው መቐለ ከተማ ግን በዚያ ጊዜ በኢንዱስትሪ ፓርኳ የሚሰፋውን ልብስ የምትልከው በጅቡቲ በኩል ነበር፤ ቀን ሲያጥር ደግሞ በአውሮፕላን።

ምርቱን ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚነሣ ዩኒየን ቀድሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ «በመርከብ ይሂድ ወይስ በአውሮፕላን?» የሚል ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የዋጋ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሁለቱ ታሪፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ርካሹ ይመረጣል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ጥናት የአየር ጭነት ዋጋ የባሕር ጭነትን ከ12 እስከ 16 እጥፍ እንደሚያህል ስለሚያመለክት፣ ነገሩ በታሪፍ ብቻ የሚወሰን ቢሆን ክርክሩ ሳይጀመር ባለቀ ነበር። የመቐለና የአካባቢዋ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ከአጼ ዮሐንስ ዘመን አንሥቶ እስከ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ድረስ ምርጫውን ሲወስን የኖረው በደጋውና በባሕሩ መካከል ያለው መሬት ነው፦ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ ዝግ፣ ስንት ቀን ይፈጃል፣ በማን እጅ ነው የሚለው።

አሞሌ፣ ውልና ሐዲድ

መቐለ ከጭነት ሥራ ጋር የተዋወቀችው በግመል ነው። የአርሆ ሲራራ ነጋዴዎች ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ከሚገኘው የአፋር የጨው ሜዳ አሞሌ እየጫኑ በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ወደ ደጋው ያወጡ ነበር። ከተማዋ የደመቀችውም የአሞሌ ገበያ ሆና ነው። ያ የጨው ሜዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት የደረቀ መሆኑን የሥነ ምድር ባለሙያዎች ያስረዳሉ። እንግዲህ የባሕሩ ጨው ራሱ፣ ወደብና መርከብ ከመታሰቡ በፊት፣ በግመል ጀርባ ደጋ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

አጼ ዮሐንስ 4ኛ መቐለን መናገሻቸው ባደረጉ ጊዜ የሰሜኑ ዋና የውጭ ንግድ በር ምጽዋ ነበረች። የስዊዝ ቦይ በ1862 ዓ.ም. ተከፍቶ ቀይ ባሕር የአውሮፓና የእስያ መርከቦች መተላለፊያ ከሆነ ወዲህ የወደቡ ተፈላጊነት ጨምሮ ነበር፤ ወደቡ ግን በግብፆች እጅ ነበር። በመሆኑም በግንቦት ወር 1876 ዓ.ም. ከእንግሊዙ አድሚራል ዊልያም ሂዌት ጋር አድዋ ላይ የተፈረመው ውል፣ ገና በመጀመሪያው አንቀጹ፣ የሚናገረው ስለ ጭነት ነው። የጦር መሣሪያን ጨምሮ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባም ሆነ ከኢትዮጵያ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ሆኖ በምጽዋ በኩል በነጻ እንዲያልፍ ይላል። ውሉ ከተፈረመ ዓመት ሳይሞላው፣ በ1877 ዓ.ም.፣ የኢጣሊያ ጦር ምጽዋን ያዘ። የመቐለ አውሮፕላን ማረፊያ ስማቸውን የያዘው ራስ አሉላ አባ ነጋ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር የመቱት ከዚሁ ከምጽዋ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው። የአየር በሩ፣ የባሕር በሩን ሲጠብቁ በኖሩ ሰው ስም መጠራቱ አጋጣሚ ቢሆንም የሚያስገርም ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወደቦች ሁለት የተለያየ ዕድል ገጠማቸው። ከጅቡቲ የተነሣው ባለ 784 ኪሎ ሜትር የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ የመካከለኛውና የደቡቡ ንግድ ወደዚያው አዘነበለ። ሰሜን ላይ ኢጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1911 የምጽዋን ሐዲድ አስመራ አደረሱ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1937 ከምጽዋ አስመራ ድረስ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የገመድ ማጓጓዣ ዘረጉ፤ በሽቦ ላይ የተንጠለጠሉ የዕቃ ሣጥኖች ከባሕር ወለል ተነሥተው ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይወጡበት ነበር። በጊዜው በዓለም ረጅሙ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አስተዳደር ዘመን ተነቀለ። ያ ሁሉ ወጪ የወጣው ባሕሩን ለማሳጠር አልነበረም። ባሕሩ ላይ ያለው መንገድ ድሮም ርካሽ ነው፤ ውዱ አቀበቱ ነበር።

አውሮፕላን ሲመጣ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነበሩት ከጦርነት የተረፉ ዳኮታ አውሮፕላኖች ከሰውና ከጭነት መካከል የሚለዩ አልነበሩም። መቀመጫው በግድግዳው በኩል የሚታጠፍ የሸራ አግዳሚ ነበር፤ ዕቃው መሐል ላይ ታስሮ መንገደኛው ዳር ዳሩን ይቀመጥ ነበር። ክረምት ሲገባ መንገድ ለሚቆረጥባቸው የአገሪቱ ክፍሎች ይህ ትልቅ ነገር ነበር። አውሮፕላን ከመነሻው ጀምሮ ለኢትዮጵያ የቅንጦት ዕቃ ማመላለሻ ብቻ አልነበረም፤ ጭቃን መሻገሪያም ነበር።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ምጽዋና አሰብ ለአገሪቱ ክፍት ሆኑ። በ1956 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የባሕር መርከብ ድርጅት ተቋቋመ። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1956 ደግሞ፣ የዘመን አቆጣጠሩ ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ነው፣ ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት 58 ትልልቅ የብረት ሣጥኖች በአንዲት መርከብ ላይ ጭኖ ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ኮንቴይነር የሚባለው ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ የወደብን ሥራ ለወጠው። ቀድሞ በወዛደር ጫንቃ ለቀናት ይራገፍ የነበረ ጭነት በሰዓታት የሚራገፍ ሆነ። የባሕር ጭነት ከአየር ጭነት እጅግ እየረከሰ የሄደበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

1977፦ እህል በሰማይ

ባሕርና አየር በመቐለ ሰማይ ሥር በግልጽ የተመዘኑት በ1977 ዓ.ም. ነው። በጥቅምት ወር የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ከኮረምና ከመቐለ ያሰራጨው ዘገባ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ የእርዳታ እህል በመርከብ እየተጫነ ወደ አሰብና ወደ ምጽዋ መጉረፍ ጀመረ። እህል በአውሮፕላን ከአውሮፓ ማምጣት የማይታሰብ ነውና ውቅያኖሱን የተሻገረው በመርከብ ነው። ችግሩ ከወደቡ በኋላ ነበር። የጭነት መኪናው ጥቂት ነበር፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ ደግሞ የጦርነት ቀጠና ነበር። ወደብ ላይ እህል ተከምሮ፣ መቐለ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች ሰው እየረገፈ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር አልታለፍ አለ።

ክፍተቱን የሸፈነው አውሮፕላን ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ከጥቅምት መጨረሻ 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ከአዲስ አበባና ከአሰብ እየተነሡ መቐለን ጨምሮ ወደ ሰሜን ከተሞች እህል አመላለሱ፤ ማረፊያ በሌለበት ገጠርም ከአየር ወረወሩ። የጀርመን፣ የሶቪየት ኅብረትና የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖችም ተሰልፈው ነበር። እንግሊዞቹ ብቻ ከ2 ሺህ በላይ በረራ አድርገው ከ30 ሺህ ቶን በላይ፣ ማለትም ከ300 ሺህ ኩንታል በላይ፣ አጓጓዙ።

ይህን ቁጥር አርሶ አደር በሚያውቀው መስፈሪያ መስፈር ያስፈልጋል። አንድ በረራ በአማካይ 150 ኩንታል ያህል ይዟል ማለት ነው። አንድ ባለ ተሳቢ መኪና በአገራችን መንገድ 400 ኩንታል ይጭናል። ምጽዋ የቆመችው «መቐለ» መርከብና እኅቶቿ ደግሞ እያንዳንዳቸው እስከ 28 ሺህ ቶን የመሸከም አቅም አላቸው። እንግዲህ ከአንድ ዓመት በላይ፣ በጣም በሠለጠኑ አብራሪዎች፣ ሌት ተቀን በሚባል ጥረት በአውሮፕላን የተጓጓዘው እህል፣ አንዲት መካከለኛ መርከብ በአንድ ጉዞ ከምትሸከመው ብዙ አይበልጥም። ይህ የአብራሪዎቹን ውለታ አያሳንስም፤ ያ እህል ባይደርስ ኖሮ የብዙ ቤት በር ተዘግቶ ይቀር ነበር። የሚያሳየው ግን የተዘጋ መንገድ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ነው።

አሰብ የቀረበት ዓመት

እስከ ግንቦት 1990 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በአሰብ ነበር። የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲቀሰቀስ የአሰብም የምጽዋም በር በአንድ ጊዜ ተዘጋና የአገሪቱ ንግድ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለመቐለ ነጋዴ ትርጉሙ ግልጽ ነበር። 400 ኪሎ ሜትር ግድም የነበረው የባሕር መንገድ በኮምቦልቻና በሚሌ ዞሮ ጅቡቲ ሲደርስ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በኋላ በአብዓላ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርደው መንገድ ተሠርቶ ርቀቱን ቢያሳጥረውም የምጽዋን ያህል ቅርብ ሊያደርገው አልቻለም።

በዚሁ ጊዜ የሆነ ሌላ ነገር ለዚህ መጽሔት አንባቢያን ሊታወስ ይገባል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 የወጣው ወደቦቹ ከተዘጉ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። ዩኒየኖች ተደራጅተው የአባሎቻቸውን ምርት በቀጥታ ወደ ውጭ ገበያ መላክ የጀመሩበት ዘመንና የሰሜኑ ደጋ ከባሕር በር በጣም የራቀበት ዘመን አንድ ሆነ ማለት ነው። የሰሜኑ ገበሬ ላኪ የሆነው ረጅሙን መንገድ ይዞ ነው።

ፓርኩና ሁለት ጊዜ የሚጓዘው ኮንቴይነር

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በመጀመሪያው ምዕራፍ 100 ሄክታር መሬት ላይ 15 የማምረቻ ሼዶች ያሉት፣ 100 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገደማ የወጣበትና በቻይና ኮንትራክተር የተገነባ ፓርክ ነው። የታቀደው ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ነበር። ቦሌ ላይ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲሱ የጭነት ተርሚናል ሥራ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በሰኔ 2009 ነው፤ ከነባሩ ጋር በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል የማስተናገድ አቅም እንዳለው ተገልጾ ነበር። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ በመስከረም 2009 ተመርቋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስቱም መምጣታቸው ብዙ ተስፋ አሳድሮ ነበር።

የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጭነት ከሰሊጥ ጭነት የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ሁለት ጊዜ ይጓዛል። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑና ቁልፉ በአብዛኛው ከእስያ በመርከብ ጅቡቲ ይመጣል፤ በመኪና መቐለ ይወጣል፤ ተቆርጦ ይሰፋል፤ ልብስ ሆኖ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወርድና ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ ይሻገራል። ከጅቡቲ ሰሜን አውሮፓ ለመድረስ በስዊዝ በኩል ሦስትና አራት ሳምንት ይፈጃል። ገዢው ልብሱን የሚፈልግበት ቀን ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ነው፤ የበጋ ልብስ በክረምት ቢደርስ የሚገዛው የለም። ስለዚህ ጨርቁ ሲመጣ ወደብ ላይ ወይም በመንገድ አንድ ሳምንት ከዘገየ፣ ያ ሳምንት ከየትም አይመጣም። መርከቧ ዕቃ የምትቀበልበት ቀን ያልፋል። ያን ጊዜ ዕቃው በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ሒሳቡን የሚከፍለውም በአብዛኛው ውል መሠረት ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው ወገን ነው። በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን እንደ ቅጣት ነው የሚቆጥሩት። በባሕር ታስቦ ዋጋው የተቆረጠ ልብስ በአየር ሲሄድ ትርፉ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛው ደሞዝ የሚወጣበት ገንዘብም አብሮ ይበርራል።

አየሩም ቢሆን የራሱ ሕግ አለው። አውሮፕላን ላይ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ የያዘ ዕቃ ክብደቱ ቢያንስም እንኳ 167 ኪሎ ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ አበጥ ብሎ ቀለል ያለ የልብስ ካርቶን ቦታውን ይከፍላል። ማር ግን አንድ ሊትሩ 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የሚከፍለው እውነተኛ ክብደቱን ነው። ሌላው ከፍታ ነው። መቐለም ቦሌም ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ በመሆኑ ከባድ ጭነትና ሙሉ ነዳጅ የያዘ አውሮፕላን ከዚያ ለመነሣት ይቸገራል፤ ወይ ጭነት ይቀንሳል፣ ወይ ነዳጅ ቀንሶ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ደጋው ለመርከብ ሩቅ፣ ለአውሮፕላን ደግሞ ከፍ ያለ ነው።

ፓርኩ ከተመረቀ ልክ ዓመት ሲሞላው፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች የሰላም መግለጫ ፈረሙ። «መቐለ» መርከብ ምጽዋ የደረሰችው በዚያ መንፈስ ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የዛላምበሳ ድንበር ሲከፈት ጤፍና የግንባታ ዕቃ የጫኑ መኪኖች ወደ አስመራ ጎረፉ። በዚያ ጊዜ በመቐለ የፓርኩን ጭነት በምጽዋ የማውጣት ተስፋ የሌለው ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በታኅሣሥ 2011 ድንበሩ እንደገና ተዘጋ። አራት ወር እንኳ አልሞላም። አንድ የልብስ ትእዛዝ ከጨርቅ ግዢ እስከ መደብር መደርደሪያ የሚወስደው ጊዜ ከዚያ ይበልጣል፤ ስለዚህ አዲሱን መንገድ ተማምኖ ውል ለመግባት የሚበቃ ጊዜ አልነበረም።

መንገዱ ሲዘጋ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተቀሰቀሰ። የመቐለ በረራ ተቋረጠ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ የባንክና የስልክ አገልግሎት ቆመ፤ የፋብሪካዎቹም ሥራ ቆመ። አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች በአጎዋ ሕግ የሰጠችውን ከቀረጥ ነጻ ዕድል ለኢትዮጵያ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አነሣች። የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ የሚከፍለው መደበኛ ቀረጥ 16.5 በመቶ ነው፤ ከሰው ሠራሽ ክር የተሠራ ከሆነ ደግሞ 32 በመቶ ይደርሳል። ከጅቡቲ ይልቅ በምጽዋ ቢሄድ ሊተርፍ ይችል የነበረው የመኪና ኪራይ ከዚህ ቀረጥ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። የጭነት ሒሳብ ብቻውን የማይቆም መሆኑን በዚህ ማየት ይቻላል።

በ1977 የታየው ሥዕል በ2014 እንደገና ታየ። ለወራት ከሰመራ በአብዓላ የሚወጣው የእርዳታ መንገድ በተቋረጠበት ጊዜ፣ ጥር 18 ቀን 2014 ዓ.ም. የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መድኃኒት የጫነ አውሮፕላን መቐለ አሳረፈ። መድኃኒት ክብደቱ ትንሽ፣ ጠቀሜታው ከፍተኛ በመሆኑ ለአየር የሚስማማ ጭነት ነው። ዱቄትና ዘይት ግን በዚያ መንገድ ለሕዝብ አይዳረስም፤ መኪና ይፈልጋል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ መቐለ መደበኛ በረራውን ጀመረ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ለዓመታት የተለያዩ ቤተሰቦች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ የታየው ያን ቀን ነው።

ሰላም በምድር ላይ ከወረደ በኋላም ባሕሩ ራሱ ታመመ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በየመን በኩል በንግድ መርከቦች ላይ በደረሰው ጥቃት ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች ስዊዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ያዙ፤ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚደረገውን ጉዞ ይህ ዐሥር ቀንና ከዚያ በላይ ያረዝመዋል። አንዳንድ ላኪዎች ዕቃቸውን እስከ ዱባይ በመርከብ አምጥተው ከዚያ በአውሮፕላን ማሻገር መረጡ። ይህ ዘዴ ከመርከብ ፈጥኖ ከአውሮፕላን ረክሶ መሐል ላይ የሚውል ነው።

ሰሊጥ፣ ማርና ፍየል

ለዩኒየን አባላት ጉዳዩ ከልብሱ ይልቅ በራሳቸው ምርት ይገለጣል። ሰሊጥ በሃያ ጫማ ኮንቴይነር 19 ቶን፣ ማለትም 190 ኩንታል ይጫናል። የአየር ጭነት ለሰሊጥ አይታሰብም፤ ዋጋው የሰሊጡን ዋጋ ይበላዋል። ሰሊጥ ደረቅ ሆኖ በንጽሕና ከተያዘ አንድ ወር ባሕር ላይ ቢቆይ አይጎዳም። የሚጎዳው ላኪው ነው፤ የባንክ ብድር ወለድ ዕቃው መጋዘን ከገባበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራልና። በመሆኑም ለሰሊጥ ላኪ ዋናው ቁጥር የመርከቡ ታሪፍ ሳይሆን ከመጋዘን እስከ ጅቡቲ ያለው ቀንና ወደብ ላይ የሚጠበቅበት ቀን ነው።

ማር ሁለት ባሕርይ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ኢትዮጵያን እ.ኤ.አ. በ2008 ማር ከሚያስገቡ አገሮች መዝገብ ካስገባት በኋላ በበርሜል ተሞልቶ በብዛት የሚሄደው በባሕር ነው፤ አንድ ኮንቴይነር ወደ 20 ቶን ይይዛል። የትግራይ ነጭ ማር በትንንሽ ብልቃጥ ታሽጎ፣ ስሙና ቦታው ተጽፎበት ለልዩ ገበያ ሲሸጥ ግን ጥቂት ካርቶን በአየር መላክ ያዋጣል። ለአዲስ ገዢ የሚላክ ናሙናም በአየር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከማሩ አይደለም፤ ከማሸጊያውና ከዋጋው ነው።

ከሁሉም የሚያስቀው ፍየል ነው። ፍየል በሕይወት እያለ ወደ ዓረብ አገር የሚሻገረው በእግሩ ወይም በመኪና ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ ነው። ታርዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ሥጋ ሲሆን ግን ከቦሌ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ ዱባይ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ያው አንድ እንስሳ በቆመበት በባሕር፣ በተሰቀለበት በአየር ይጓዛል። የቀዘቀዘ ሥጋ ወደብ ላይ ሊጠብቅ አይችልም፤ የቆመው ፍየል ግን ሣርና ውኃ ካገኘ ይጠብቃል። ቄራ የሚያቋቁም ሰው ሳያስበው ከመርከብ ወደ አውሮፕላን መሸጋገሩ ስለሆነ የበረራውን ሰሌዳ ከቢላዋው አስቀድሞ ማየት አለበት።

ከመቐለ ወደ ሐራ ገበያ የሚዘረጋው 216 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ግንባታ በየካቲት 2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ነበር። ከአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር ጋር ተገናኝቶ ወደ ታጁራ ወደብ እንዲወርድ የታሰበ ነው። የታጁራ ወደብ እ.ኤ.አ. በ2017 ተመረቀ፤ ሐዲዱ ግን ሳይደርስ ጦርነቱ ሥራውን አቆመው።

እስከዚያው በመኪናው መንገድ ላይ አንድ የሚታይ ነገር አለ። አገሪቱ ከምትልከው ይልቅ የምታስገባው በክብደት እጅግ ስለሚበልጥ ዕቃ ጭኖ ወደ ደረቅ ወደብ የሚመጣው ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ ባዶውን ወደ ጅቡቲ ይመለሳል። ሰሊጡና ሌላው የወጪ ምርት ደግሞ ብዙ ጊዜ በጆንያ በመኪና ወርዶ ጅቡቲ ላይ እንደገና እየተራገፈ ወደ ኮንቴይነር ይገባል። በየማራገፊያው ጆንያ ይቀደዳል፣ ኪሎ ይጎድላል፣ ቀን ያልፋል። ባዶው ሣጥንና ሙሉው ጆንያ አንዱ ሌላውን ተከትሎ በአንድ አስፋልት ቁልቁል ይወርዳሉ።